ተኝታ ነው የምትመጣው

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ መጣሁ፣ ሥራ ጀመርኩ፤ በቃ። ስለዚህ ቃል ሲጠፋኝ ታገሱኝ። ይህን ነገር ለሰው ሳወራ መሃሉ ላይ ሁሉም ይስቃል፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ሁለቱንም እናንተም እንድታደርጉልኝ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ። ስሙ ሱራፌል ነው። «ነበር» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን እጄ እምቢ አለ። ቤት ውስጥ ሱሬ ነው የምንለው። እኔ ኪሩቤል ነኝ። ሎስ አንጀለስ ቀድሞኝ መጥቶ ኮሪያታውን ውስጥ ከልጆች ጋር በተከራየው አፓርታማ ተቀበለኝ፤ ድራይቭ ማድረግ አስተማረኝ፤ የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት የፓርኪንግ ሥራ አስገባኝ። አምና አንድ ጠዋት ከፓሳዴና ሲመለስ ፍሪዌይ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

የሱሬ ሥራ ጋሽ መርዕድን ማጀብ ነበር። ጋሽ መርዕድ ጋርዴና ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ያላቸው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሕንጻ የሚያስገነቡ ሽማግሌ ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ልባቸውም ያስቸግራቸዋል። ሐኪማቸው ብቻቸውን እንዳይበሩ ስለከለከላቸው በሄዱ ቁጥር ሱሬ አብሯቸው ይሄዳል። መርፌያቸውን ይወጋል፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይሰጣል። እሳቸው የሚበሩት በቢዝነስ ክላስ ነው፤ አጃቢያቸውም ከአጠገባቸው እንዳይርቅ በቢዝነስ ክላስ ይበራል።

ለማታውቁት፣ አውሮፕላን በተሳፈራችሁ ቁጥር አየር መንገዱ ማይል የሚባል ነጥብ ይሰጣችኋል። ሲጠራቀም ነጻ ትኬት ይሆናል። ተራ ወንበር ላይ ከሆናችሁ ያካፋል፤ ረጅም በረራ በቢዝነስ ክላስ ከሆነ ግን ዶፍ ነው የሚዘንበው። ትኬቱን የገዙት ጋሽ መርዕድ ቢሆኑም ማይሉ የተሳፋሪው ነው። ሱሬ ይህን ያወቀ ቀን ከኤርፖርት ደውሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

ምክንያት ነበረው። እናታችን አዳማ ነው የምትኖረው። ወገቧን የዲስክ መንሸራተት አለባት፤ በሚኒባስ አዲስ አበባ ስትሄድ እንኳን መንገድ ላይ ወርዳ ቆም ማለት አለባት። እኛ ጋ ቁጭ ብላ መምጣት የማይታሰብ ነው። ሱሬ ደግሞ «እማዬ ቁጭ ብላ አትመጣም፤ ተኝታ ነው የምትመጣው» ይል ነበር። ከየጉዞው ሲመለስ ስለ ወንበሩ በስልክ ይተርክላታል። ቁልፉን ስትጫኚው እንዲህ ይዘረጋል፣ ብርድ ልብሱ እንዲህ ይለሰልሳል፣ ነጠላ ጫማ ሁሉ ይሰጡሻል ይላታል። እሷ «ውሸታም!» ትለዋለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ራሷ ትጠይቀዋለች።

ቪዛዋን አገኘች። ማይሉ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ሱሬ ሞተ።

እዚሁ ቀበርነው፤ እማዬ ለቀብሩ አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ ስንነጋገር የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያረፈበትን ልይ፣ ኪሩ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ሱሬ ሦስታችንንም የቤተሰብ አካውንት ውስጥ አስገብቶን ስለነበር የተጠራቀመው ማይል አልጠፋም። ግን ለአንድ የቢዝነስ ክላስ ትኬት የአንድ ደርሶ መልስ በረራ ማይል ያህል ይጎድለው ነበር። ቪዛዋ ደግሞ ከሙት ዓመቱ ብዙም ሳይርቅ ያበቃል። እኔ በፓርኪንግ ደሞዝ ያን ትኬት እገዛለሁ ማለት ዘበት ነው።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ጋሽ መርዕድ ፓርኪንጉ ድረስ መጡ። መኪናቸውን ላቆምላቸው መስሎኝ ለቁልፉ እጄን ዘረጋሁ።

«ቁልፍ አይደለም» አሉኝ። «ፓስፖርት አለህ?»

«አለኝ።»

«ሶ፣ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። መርፌ መውጋት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ትለምዳለህ። ወንድምህም መጀመሪያ የወጋው ብርቱካን ነው።»

«ማይሉስ?» አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ። ጥቁር ለብሼ እንዲህ መጠየቄ አሳፈረኝ።

ጋሽ መርዕድ ግን ሳቁ። «አንተንም ያዘህ? ያንተ ነው፣ ያንተ ነው።»

ቤት የቀረ ብርቱካን የለም፤ ሁሉንም ወጋሁት። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ቢዝነስ ክላስ» ብለው ስም አወጡልኝ። «ቢዝነስ ክላስ፣ ቆሻሻውን አውጣ!» «ቢዝነስ ክላስ፣ ከሽንት ቤት አትወጣም እንዴ?» ሱሬ ከሞተ ወዲህ ያ ቤት ሲስቅ የሰማሁት ያን ሳምንት ነው። እኔም ስቄያለሁ።

የበረራው ቀን ኤርፖርት ትኬት የምትቆርጠዋን ልጅ «የማይል ቁጥሬ ገብቷል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ገብቷል» አለችኝ። ሻንጣ ከመዘንን በኋላ ተመልሼ ጠየቅኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ። ጋሽ መርዕድ ከዊልቸራቸው ላይ «ተው እንጂ፣ እኔን እዚህ ጥለህ!» ይላሉ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ቀድመን ገባን። እንዴት ልንገራችሁ? ወንበር አይደለም፤ ክፍል ነው። መብራት አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ ሱሬ ያለው ነጠላ ጫማ በከረጢት ተቀምጧል። ቁልፉን ተጫንኩ። ወንበሩ እንደ ድመት ቀስ ብሎ ተንጠራራና አልጋ ሆነ። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። የእማዬ ወገብ የሚያርፍበትን ቦታ በሁለት እጄ ጫን ጫን እያደረግሁ ፈተንኩት። ደህና ነው። በልቤ «ሱሬ፣ ደህና ነው» አልኩት።

ከዚያ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በመሃላችን እያለፉ ወደ ኋላ መግባት ጀመሩ። ከነሱ ውስጥ እትዬ ዘነበች ነበሩ።

እትዬ ዘነበችን ፌርፋክስ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። በርበሬና ሽሮ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው፤ ሰውን መስደብ በጣም ይወዳሉ። የሱሬ ለቅሶ ላይ ግን ማንንም አልሰደቡም። ሱቃቸውን ዘግተው ለቀስተኛ ሲያበሉ፣ ወንበር ሲያነሱ፣ ሲጥሉ ሰነበቱ። ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ነጭ ቀሚስ ይዘው እያነከሱ መጡ።

«ኪሩ! አንተ ነህ?» አሉ። ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። «እሰይ! ተኛ፣ ተኛ። ዛሬ እንኳን ሰው መሰልክ።»

«እትዬ ዘነበች፣ የት ነው?»

«የእህቴ ልጅ ልታገባ አይደል? ቀሚሷን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ላጨማድድባት ነው? በጭኔ ይዤው እሄዳለሁ» ብለው አለፉ። ከኋላቸው የተደረደረው ሰው እየገፋቸው ነበር።

ከተነሳን በኋላ ልጠይቃቸው ወደ ኋላ ሄድኩ። መሃል ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ኦፕሬሽን የሆነው እግር አይታጠፍም፤ ከፊቱ ደግሞ ቦታ የለም። ቀሚሱ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ፊታቸውን ሸፍኖታል። «ደህና ነኝ፣ ሂድ» አሉኝ ከላስቲኩ ጀርባ። ድምፃቸው ግን ደህና አልነበረም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ትኩስ ፎጣ ሰጡኝ። ምግብ በነጭ ጨርቅ ላይ መጣልኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ግን ወንበሩ እንደ እሾህ ወጋኝ። የአገሬ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። የወንድሜን ለቅሶ ቆመው ያስተናገዱ ሴት ከኋላዬ ተቆራምደው፣ እኔ ተንጋልዬ?

«ጋሽ መርዕድ» አልኩ። «ወንበሬን ለእትዬ ዘነበች ብሰጣቸውስ?»

ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልትረዳኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትሸሸኝ?»

«በሰዓቱ እየመጣሁ መርፌውን እሰጥዎታለሁ።»

«ማይሉስ?»

«ማይሉ ምን ይሆናል?»

«እንዴ! ማይል እኮ የሚቆጠረው በተቀመጥክበት ነው። ከዚህ ተነስተህ ኋላ ከተቀመጥክ የኋላውን ነው የሚሰጡህ። እዚያ ያለው ማይል ምን ያደርግልሃል?»

ስንት ዓመት የሚበሩ ሰው ናቸው፤ ያውቃሉ። ሆስተሷን ልጠይቅ ፈለግኩና ፈራሁ፤ ወንበር መቀየር ክልክል ነው ብትለኝስ? የእማዬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ያረፈበትን ልይ። ከዚህ ጉዞ ሌላ ጉዞ የለም። ጋሽ መርዕድ እስከ ሙት ዓመቱ ሌላ በረራ የላቸውም፤ የእማዬ ቪዛም አይጠብቅም። ቁልፉን ተጭኜ ወንበሩን አስተኛሁት፣ ቀና አደረግሁት፣ እንደገና አስተኛሁት። ሱሬ ቢሆንስ? አልኩ። ሱሬ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያጠራቅም እንዲህ አጋጥሞት ያውቅ ይሆን? መልሱን አላውቅም። የማውቀው ተነስቼ ወደ ኋላ እየሄድኩ መሆኑን ብቻ ነው።

«ይነሱ፣ እትዬ ዘነበች። የኔ ቦታ ይሂዱ።»

«ምን ሆነሃል አንተ? ሂድ ተቀመጥ!»

«አልቀመጥም። በሞቴ!»

«ሞትህን ለራስህ ያዘው! ልጁ አብዷል እንዴ?» አጠገባቸው ያለው ፈረንጅ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ይነሱ እንጂ።»

«አልነሳም ብያለሁ፣ አልነሳም።»

«ሱሬ ይሙ...»

እንደዚህ ነበር የምምለው። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ሰው እምቢ ሲለኝ፣ የመጨረሻ መሐላዬ እሱ ነበር። «ሱሬ ይሙት» ካልኩ ሰፈሩ በሙሉ ያምነኛል። አፌ ለምዶት ነው የወጣው። መሃሉ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቃሉን መጨረስም መመለስም አቃተኝ። ቆሜ ቀረሁ፣ አፌን ከፍቼ።

እትዬ ዘነበች አዩኝ። ቀሚሱን ሰጡኝ፤ ከዘራቸውን ያዙ፤ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ።

ሆስተሷ መጋረጃው ጋ አገኘችን። የአገራችን ልጅ ናት። ወንበር መቀያየር እንደማይወደድ ልትነግረኝ ስትጀምር ጋሽ መርዕድን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ቀሚሱን አየችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄኛውም?» አለች።

«ይሄኛውም» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

ያኔ አልገባኝም።

ቀሪውን መንገድ መሃል ወንበር ላይ ነበርኩ። ማዘን ነበረብኝ አይደል? የእማዬን ትኬት በእጄ የጣልኩ መስሎኝ ነበር እኮ። ግን የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ይዘላል። አንዴ እንደ ፍርሃት፣ አንዴ እንደ ደስታ። መድኃኒት ልሰጥ ወደ ፊት በሄድኩ ቁጥር እትዬ ዘነበች አዲስ ነገር አግኝተው ይጠብቁኛል። ነጠላ ጫማውን አጥልቀዋል፤ የዓይን መሸፈኛውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል፤ ቀሚሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎላቸዋል።

«ኪሩዬ፣ ይሄ ነገር ጀርባዬን እያሸኝ ነው። ነውር አይደለም?»

«ማሳጅ ነው፣ እትዬ።»

«ባሌ በሕይወት እያለ ያላደረገልኝን!»

ጋሽ መርዕድ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መርፌውን ሳትኩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ብርቱካን አይደለሁም!»

ሊነጋጋ ሲል እንደገና ስሄድ እትዬ ዘነበች ያ የማይታጠፍ እግራቸው ተዘርግቶ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ተኝተዋል። ቆሜ አየኋቸው። እማዬን እንደዚህ ተኝታ ነበር ማየት የፈለግኩት።

አዲስ አበባ አርፈን ጋሽ መርዕድን በዊልቸር እየገፋሁ ስንወጣ «ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። ወደኔ አልዞሩም።

«ዋሽቼሃለሁ።»

«ምኑን?»

«ማይሉ የሚቆጠረው በትኬቱ ነው። ጣራው ላይ ብትቀመጥም ያንተ ነው።»

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። የዊልቸሩን እጀታ ለቅቄ ስጮህ ዊልቸሩ ትንሽ ተንደረደረ።

«ያዘኝ እንጂ አንተ! ስማ። ወንድምህንም በመጀመሪያው ጉዞ ይህንኑ ነበር ያልኩት። ከኋላ አንዲት አሮጊት መነኩሴ አይቶ ወንበሬን ልስጥ አለኝ። አጠገቤ እንዲሆን ፈልጌ ማይልህ ይጠፋል አልኩት። አውቃለሁ፣ ነውር ነው፤ የእናቱን ነገር ነግሮኝ ነበር። ተነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ነገርኩት፤ ግን ልማዱ ሆነ። በሄድን ቁጥር አንድ የደከመው ሰው አያጣም። እዚያ ወንበር ላይ ወንድምህ አንድም ቀን ሲተኛ አላየሁትም፣ ኪሩ።»

ብርድ ልብሱ እንዲህ ይለሰልሳል ይላት ነበር። አልጋው እንዲህ ይመቻል ይላት ነበር። አንድም ቀን ሳይተኛበት።

መውጫው በር ላይ እማዬ ጥቁር ለብሳ ወገቧን ይዛ ቆማለች። አቅፋኝ ስታለቅስ እኔ እየሳቅኩም እያለቀስኩም «ትመጫለሽ! ተኝተሽ ነው የምትመጪው!» እላለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እትዬ ዘነበች ከኋላችን፣ ቀሚሱ አንድም ቦታ ሳይጨማደድ፣ «ልጁን ውሃ አጠጡት፣ ሁለት አህጉር ሙሉ እንዲህ ነበር» ይላሉ።

ማይሉ ስልኬ ላይ የገባው ከተመለስኩ በኋላ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የአንድ ሰውዬ መኪና ውስጥ ሆኜ ልወጣ ስል ስልኬን አየሁት። ጡሩንባውን ደጋግሜ ነፋሁ። ሰውዬው መኪናውን ያጋጨሁበት መስሎት ምግቡን ጥሎ ሮጦ መጣ። «እናቴ ልትመጣ ነው!» አልኩት። አሜሪካዊ ነው፤ ግን እሱም ዘለለ።

ለሙት ዓመቱ እማዬ መጣች። ኤርፖርት አበባ ይዤ፣ ጋሽ መርዕድና እትዬ ዘነበች ከጎኔ ሆነው ስንጠብቅ፣ አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ ከእማዬ ጋር ወጣች። እማዬ ዊልቸር ላይ ናት። እግሯ አብጧል፣ ነጠላ ጫማው አልገባ ብሏት በከረጢቱ ይዛዋለች። ልቤ ደንገጥ አለ።

«እማዬ፣ አልተኛሽም እንዴ?»

«ተኝቻለሁ፣ ተኝቻለሁ» አለች፣ ፊቷን ከፊቴ እየሸሸች።

ወጣቷ ናት የነገረችኝ። ከኋላ ሕፃኑ አልተኛ ብሎ ሲያለቅስ እማዬ ሰማች። መጋረጃውን አልፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወንበሩን ለሷ ለቅቃ፣ ወገቧ ሲብስባት ብቻ እየተመለሰች ጋደም እያለች፣ እንደገና እየለቀቀች መጣች።

«ልጅቷ አራስ ናት» አለች እማዬ፣ ስትያዝ። «ምን ላድርግ? ወንበሩ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ሕፃኑ እንዴት እንደተኛበት ብታይ!»

ጋሽ መርዕድ «ይቺኛዋም» አሉ። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡ።

ያን ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ማይል ላይ አንድ የማናውቀው ሕፃን ተኛ። ልናደድ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። እናንተስ ብትሆኑ? ይኸው እስካሁን ትንፋሼ ቁርጥ እስኪል ሳወራው ልክ እንደዚያ ቀን ነው የሚሰማኝ። ሱሬ ከሞተ በኋላ ስሙ ሲነሳ ከክፍል እወጣ ነበር። አሁን ራሴ ነኝ የማነሳው። የነርስ ረዳት ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ አሁን መርፌ አልስትም። ከጋሽ መርዕድ ጋር ደግሞ እየበረርኩ ነው፤ ማይሉ እንደ አዲስ እየተጠራቀመ ነው። ወንበሩ ላይ እስካሁን አልተኛሁበትም። ሁልጊዜ አንድ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን ረጅም በረራ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ «ይነሱ» የሚላችሁ ልጅ ካጋጠማችሁ እባካችሁ ብዙ አታስምሉት።

እማዬ በመጣች በማግስቱ ወደ መቃብሩ ሄድን። ሣሩ ላይ ተኝቶ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ነው። እማዬ በእትዬ ዘነበች ከዘራ ተደግፋ ብዙ ቆመች። ከዚያ እንደምንም ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በመዳፏ አበሰችው።

«ሱሬዬ» አለችው። «እንዳልከኝ ተኝቼ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ዘነበች አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አንዳችንም አልመሰከርንባትም።